የልጅ ዓይን በሳምንታት ውስጥ ወደ ፊት ሲወጣ፦ ናሙናው ይወሰድ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የ5 ዓመት ሴት ልጄ የቀኝ ዓይን ከሦስት ሳምንት ወዲህ እያበጠ ወደ ፊትና ወደ ታች እየወጣ ነው። ሊጀምራት ጥቂት ቀን ሲቀረው ወድቃ ግንባሯን ተመታ ነበር። ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ለ10 ቀን አንቲባዮቲክ ወሰደች፤ ለውጥ የለም። ትኩሳት የላትም፣ አመመኝም አትልም። ኤምአርአይ ተነስታ ከዓይኗ በላይና ኋላ ዕጢ አለ፣ ናሙና ይወሰድ ተባልን። ዘመድ ሁሉ ግን ‹ብረት ከነካው ይሰራጫል› እያለ ነው። ትንሽ ቢቆይ ይሻላል? ዓይኗስ ይወጣል?»

ምላሽ፦

አይቆይ። እርስዎ በገለጹት ፍጥነት የሚያድግ ነገር ናሙናው በቀናት ውስጥ መወሰድ አለበት፤ «ወር ጠብቀን እንየው» የሚባልበት ዓይነት አይደለም። በትክክል የተወሰደ ናሙና የዚህን ዓይነት ዕጢ አያሰራጭም። ዓይን ማውጣትን በተመለከተ ደግሞ፣ ዋናው የምንጠረጥረው በሽታ፣ ራብዶማዮሳርኮማ የሚባለው የልጆች ካንሰር፣ ቢሆን እንኳ የመጀመሪያው ሕክምና መድኃኒት ነው፤ ዓይኑ በቦታው ይቆያል።

ይህን ያህል አስረግጬ የምናገረው ስለ ፍጥነቱ ነው። የዓይን ጎድጓዳ ወደ ኋላ እየጠበበ የሚሄድ፣ በአጥንት የታጠረ፣ ከፊት ብቻ ክፍት የሆነ ቦታ ነው። የአዋቂ ሰው እንኳ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ይይዛል፤ የልጅ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ውስጡ የሚበቅል ነገር ዓይኑን ከራሱ በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋዋል። ከኋላ በጡንቻዎቹ መሃል ያለ ዕጢ ዓይኑን ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት ያወጣዋል፤ ከላይ ያለው ወደ ታች ይጫነዋል። የልጅዎ ዓይን ወደ ፊትም ወደ ታችም መሄዱ ከኤምአርአይው ጋር ይገጥማል። አቅጣጫው ግን ቦታውን እንጂ ምንነቱን አይነግረንም። ስለ ምንነቱ ብዙ የሚጠቁመው ጊዜው ነው፤ ይኸውም ለውጡ በቀናት፣ በሳምንታት ወይስ በዓመታት መምጣቱ።

ቀኑን በትክክል ለማወቅ የቆዩ ፎቶዎችን ያውጡ። ከስድስት ወር፣ ከሦስት ወር፣ ከአንድ ወር በፊት ፊቷን ከፊት ለፊት የሚያሳዩትን ጎን ለጎን ያስቀምጡና የላይኛው የዓይን ቆብ ጥቁሩን ክብ ምን ያህል እንደሚሸፍን ያነጻጽሩ። ቤተሰብ «ከሦስት ሳምንት ወዲህ» ያለው ፎቶ ሲታይ አንዳንዴ አምስት ወር ሆኖ ይገኛል፤ ያ ደግሞ የምርመራውን አቅጣጫ ይቀይራል። ሌላው፣ ልጅቷን አስቀምጠው ከኋላዋ ይቁሙ፣ አገጯን ትንሽ ወደ ላይ አድርጋ ትቀመጥ፣ ከአናቷ በላይ ሆነው በቅንድቧ አሻግረው ወደ ታች ይመልከቱ። የአንዱ ዓይን ሽፋሽፍት ቀድሞ ከታየ መውጣቱ እውነተኛ ነው። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ እንደ ችግር ይቆጠራል።

አሁን ወደ ኢንፌክሽኑ። የመጀመሪያው ሐኪም ኢንፌክሽን ብሎ መጀመሩ ስህተት አልነበረም፤ በልጅ ላይ ዓይን በድንገት ሲያብጥና ሲወጣ ከሁሉ በላይ የተለመደው ምክንያት ከሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ካሉ የአጥንት ክፍተቶች) ወደ ጎድጓዳው የገባ ኢንፌክሽን ነው። እሱ ግን ባብዛኛው ትኩሳት አለው፣ ያማል፣ ዓይን ማንቀሳቀስ ያስቸግራል፣ በደም ሥር በሚሰጥ አንቲባዮቲክ ደግሞ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ መሻሻል ይጀምራል። ካልጀመረ ወይ መግል ቋጥሯል፣ ወይ ኢንፌክሽን አልነበረም፤ በሁለቱም መንገድ ያን ጊዜ ምስል መነሳት ነበረበት። ትኩሳት የሌላት ልጅ 10 ቀን አንቲባዮቲክ ወስዳ እብጠቱ ከጨመረ የኢንፌክሽኑ ጉዳይ በዚያው መዘጋት አለበት። አንቲባዮቲኩን በሌላ አንቲባዮቲክ መቀየር በዚህ በሽታ ላይ በጣም ከሚደጋገሙት የጊዜ ማባከኛዎች አንዱ ነው። ሌላው መውደቋ ነው። ልጆች ሁልጊዜ ይወድቃሉ፤ ዕጢ ካለባቸው ልጆች መካከል ብዙዎቹ «ተመትቶ ነው የጀመረው» ተብለው ይመጣሉ። ምቱ ዕጢ አያመጣም፤ የነበረውን እንድናይ ያደርገን ይሆናል እንጂ። የምት እብጠት በሁለት ሳምንት መጉደል እንጂ መጨመር የለበትም።

በዚህ ዕድሜና በዚህ ፍጥነት አስቀድሞ የሚጠረጠረው ራብዶማዮሳርኮማ ነው። ወደ ጡንቻነት ሊያድጉ ከሚችሉ ያልበሰሉ ህዋሳት የሚነሳ ካንሰር ሲሆን፣ ከዚያው ከጎድጓዳው ከሚጀምሩ የልጆች ካንሰሮች በብዛት የሚታየው እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ10 ዓመት በታች ይመጣል፣ የጎድጓዳውን የላይኛውንና ወደ አፍንጫ ያለውን ክፍል ይመርጣል፣ ባብዛኛውም አያምም። ቢሆንም ጥርጣሬ ምርመራ አይደለም። ሌሎች ሦስት አራት ነገሮች በትክክል እሱን መስለው ይመጣሉ፤ ሕክምናቸው ደግሞ ፍጹም የተለያየ ነው።

ከእነዚህ መካከል እንዳይረሳ የምፈልገው ኒውሮብላስቶማ ነው። ይህ ዕጢ ብዙውን ጊዜ ከኩላሊት በላይ ካለው እጢ ወይም ከአከርካሪው ጎን ካሉ ነርቮች ተነስቶ ወደ ዓይን ጎድጓዳ አጥንት የሚሄድ ነው። ምልክቱ ካለ ምት በዓይን ዙሪያ የሚታይ ጥቁር ሰማያዊ ብልዝ፣ አንዳንዴም በሁለቱም በኩል ነው። ስለዚህ ዓይኗ ላይ ቢላ ከማረፉ በፊት አንድ ሐኪም ሆዷን በእጁ መዳሰስ አለበት፤ የሆድ አልትራሳውንድና የካቴኮላሚን (ይህ ዕጢ የሚያመነጨው ኬሚካል) ቅሪት የሚለካበት የሽንት ምርመራም ይታዘዛል። ይህ ተደርጎ ከሆነ ይጠይቁ። የደም ካንሰርም በዓይን ጎድጓዳ ዕጢ ሆኖ ሊጀምር ይችላል፤ ሙሉ የደም ቆጠራና በማይክሮስኮፕ የሚታይ የደም ስሚር ያለዚያ ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሊያድን ይችላል። ላንገርሃንስ ሴል ሂስቲዮሳይቶሲስ (አንድ ዓይነት የመከላከያ ህዋሳት ከልክ በላይ የሚበዙበት በሽታ) የጎድጓዳውን የላይኛ ውጫዊ አጥንት ይበላል፤ በሲቲ ስካን አጥንቱ በመብሻ የተበሳ ያህል ጉድጓድ ይታይበታል።

ሬቲኖብላስቶማን ለብቻው ላንሳው፣ ስህተቱ የማይመለስ ስለሆነ። ይህ ከዓይኑ ከራሱ ውስጥ፣ ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የኋላ ሽፋን) የሚነሳ ካንሰር ነው፤ ሲቆይ ወደ ጎድጓዳው ይወጣል። ብሌኗ በፎቶ ፍላሽ ነጭ ሆኖ ከታየ፣ ወይም የዓይኑ ውስጥ ገና በጠብታ ሰፍቶ ካልታየ፣ ቅድሚያ ብሌኗ በጠብታ ሰፍቶ የዓይኑ ውስጥ ይታይ። ሬቲኖብላስቶማ ያለበት ዓይን ውስጥ መርፌ ወይም ምላጭ ከገባ ካንሰሩ በእውነት ሊሰራጭ ይችላል። «ብረት ከነካው» የሚለው ስጋት እውነት የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው፤ ለዚህም ነው በዚህ ዓይነቱ ካንሰር ያለ ናሙና በምርመራና በምስል ብቻ ሕክምና የሚጀመረው። በልጅዎ ያለው ግን ከዓይን ውጭ፣ በጎድጓዳው ውስጥ ያለ ዕጢ ነው፤ እዚህ ላይ ያለ ናሙና ሕክምና መጀመር አይቻልም።

ምስሉን በተመለከተ፣ «ዕጢ አለ» የሚል ሪፖርት አይበቃም። ሪፖርቱ ዕጢው ከጡንቻዎቹ ቀለበት ውስጥ ነው ወይስ ውጭ፣ ከማየት ነርቭ ጋር ተጣብቋል ወይስ ተለይቷል፣ ፈሳሽ አለው ወይስ ጥጥር ነው፣ ወደ ሳይነስ ወይም ወደ አንጎል ሽፋን ተሻግሯል ወይ የሚሉትን መመለስ አለበት። ኤምአርአይው የስብን ብርሃን የሚያጠፋ ክፍልና በደም ሥር የሚሰጥ ማድመቂያ ከሌለው ብዙ ነገር ይደበቃል፤ በጎድጓዳው ውስጥ ያለው ስብ ራሱ ደምቆ ስለሚታይ ዕጢውን ይውጠዋል። አጥንት መበላቱ ከተጠረጠረ በ1 ሚሊ ሜትር ስስ ቁርጥ የተነሳ ሲቲ ይጨመራል። የአጥንቱ ነገር ትልቅ ልዩነት ያመጣል፦ ራብዶማዮሳርኮማ በጎድጓዳው ተወስኖ ከቀረ ጥሩ ውጤት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ አጥንቱን አልፎ ወደ አንጎል ሽፋን ከተጠጋ ግን በሌላ ምድብ ይታከማል፣ የአከርካሪ ፈሳሽም ይመረመራል። ለምስሉም ሆነ ለቀዶው ማደንዘዣ የምትወስድ ከሆነ ከጠጣር ምግብ 6 ሰዓት፣ ከጥሩ ውሃ 2 ሰዓት መጾም የተለመደው መመሪያ ነው፤ የማደንዘዣው ባለሙያ የሚሰጥዎትን ሰዓት ይከተሉ። በስህተት አንድ ብስኩት ከቀመሰች አይደብቁ፤ በማደንዘዣ ውስጥ ምግቡ ተመልሶ ሳንባዋ ከሚገባ ቀጠሮው ቢገፋ ይሻላል።

ከናሙናው በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ስቴሮይድ፣ ማለትም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት። ፕሬድኒሶሎን «ለእብጠቱ» ተብሎ ከተሰጠ የደም ካንሰር፣ ሊምፎማና ሂስቲዮሳይቶሲስ ለጥቂት ቀናት ይሟሽሻሉ፤ ናሙናው ሲወሰድ የሞተ ህዋስ ይገኝና ምርመራው ይበላሻል። ቤተሰቡም ሐኪሙም «ተሻላት» ብለው ይዘናጋሉ። የማየት ነርቭ ሊጠፋ ሆኖ አጣዳፊ ካልሆነ በቀር ናሙናው ሳይወሰድ ስቴሮይድ አይሰጥ። ቀድሞ ከተሰጠ ቀኑንና መጠኑን ለቀዶ ሐኪሙና ለፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ለሚያነበው ሐኪም) ይንገሩ።

ናሙናው በሙሉ ማደንዘዣ ይወሰዳል። ዕጢው ከላይ ከሆነ ባብዛኛው በላይኛው የዓይን ቆብ እጥፋት ላይ ይገባል፤ ጠባሳው ዓይን ሲገለጥ እጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል። ዕጢው በቀላሉ ከአካባቢው የሚለይ ከሆነ በሙሉ ይወጣል፤ ነርቭና ጡንቻ ሳይጎዳ የማይወጣ ከሆነ ግን ቁራጭ ብቻ ይወሰዳል። ሁሉንም ለማውጣት ብሎ የዓይን ጡንቻ መቁረጥ ትርፍ የለውም፤ የቀረውን መድኃኒትና ጨረር ይጨርሱታል። የዕጢው መልክ ፈዛዛ ሮዝ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ነው፤ ችግሩም እዚህ ይጀምራል። በመቆንጠጫ ከተጨመቀ ህዋሳቱ ይደቆሳሉ፣ በኤሌክትሪክ ማቃጠያ ከተቆረጠ ይጠበሳሉ፣ ፓቶሎጂስቱም ሊያነበው አይችልም። መጠኑ የሚቻል ከሆነ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። በመርፌ የሚመጠጥ ናሙና ለዚህ ዓይነቱ ዕጢ ስለሚያንስ ብዙ ጊዜ ድጋሚ ቀዶ ያስከትላል።

የተወሰደው ቁራጭ ይከፋፈላል። አንዱ ክፍል እዚያው በቀዶ ክፍሉ በቅዝቃዜ ተቆርጦ ይታያል፤ የዚህ ዓላማው ስም ለመስጠት ሳይሆን በቂና ሕይወት ያለው ናሙና መገኘቱን ለማረጋገጥ ነው። ሌላው ትኩሱን ለጄኔቲክስ ይቀመጣል፣ የቀረው ከራሱ ቢያንስ 10 እጥፍ በሚሆን ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። በትንሽ ፎርማሊን ጠርሙስ ታጭቆ የሄደ ናሙና ውስጡ ይበሰብሳል። ፓቶሎጂስቱ ዴስሚን፣ ማዮጀኒንና ማዮዲ1 የተባሉትን የጡንቻ መለያዎች ይፈልጋል፤ ከተገኙ ራብዶማዮሳርኮማ ነው። ከዚያ ፎክስኦ1 የተባለው ጂን ከሌላ ጂን ጋር መጣበቁ ይታያል፤ ካልተጣበቀ ሕክምናው ይቀልላል፣ ተስፋውም ይበልጣል። በጎድጓዳው ውስጥ በብዛት የሚገኘው ይህ ቀለል የሚለው፣ ኤምብሪዮናል የሚባለው ዓይነት ነው።

ቀዶ ሐኪሙን አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ጠቃሚ ነገር አለ፦ የአጥንት መቅኔው ናሙናና ለኬሞቴራፒ (ባጭሩ ኬሞ፣ የካንሰር መድኃኒት) የሚገባው የደም ሥር ቱቦ በዚያው በአንዱ ማደንዘዣ ሊሠሩ ይችላሉ ወይ? በቅዝቃዜ የታየው ውጤት አደገኛ መሆኑን ካመለከተ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ልጅቷ ከሁለተኛ ማደንዘዣ ትድናለች። ከቀዶው በኋላ በመጀመሪያው ሌሊት የሚፈራው ከዓይን ኋላ የሚደረግ መድማት ነው። እየጨመረ የሚሄድ ጽኑ ሕመም፣ ማስታወክ፣ ዓይኑ ሲነካ እንደ ድንጋይ መጠንከር፣ ማየት መቀነስ ከታየ ነርሷን ወዲያው ይጥሩ። የማየት ነርቭ በዚያ ግፊት የሚታገሠው ሰዓት ተኩል ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ዓይኑን ጠበቅ አድርጎ ለረጅም ጊዜ መሸፈን አይመከርም፤ የተሸፈነ ዓይን ታየ አላየ አይታወቅም።

ውጤቱ ራብዶማዮሳርኮማ ከሆነ ምን ይጠብቃችኋል? እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ ሕክምናው ዓይኑን ከነጎድጓዳው ይዘት ጠርጎ ማውጣት ነበር፤ ያም ሆኖ በሕይወት የሚተርፉት ከሦስት ልጆች አንዱ ገደማ ነበሩ። በአሜሪካ በእ.ኤ.አ. 1972 የተጀመሩት የራብዶማዮሳርኮማ የጋራ ጥናቶች ኬሞቴራፒንና ጨረርን ካቀናጁ በኋላ በጎድጓዳው ተወስኖ የተገኘ በሽታ ያለባቸው ከ100 ልጆች ከ90 በላይ ይድናሉ። ያ አኃዝ የሚሠራው ሕክምናውን በሰዓቱ ለጀመረና ሳያቋርጥ ለጨረሰ ልጅ ነው፤ እብጠቱ በሁለት ዙር ኬሞ ሲጠፋ «ዳነች» ብለው የሚያቋርጡ ቤተሰቦች ልጃቸውን የሚያጡት በዚህ ነው።

መድኃኒቶቹ ቪንክሪስቲን፣ አክቲኖማይሲን ዲ እና ሳይክሎፎስፋማይድ ናቸው፤ በአውሮፓ ፕሮቶኮሎች በሳይክሎፎስፋማይድ ፈንታ አይፎስፋማይድ ይገባል። እንደ ምድቡ ለብዙ ወራት ይሰጣሉ። ቪንክሪስቲን ነርቭ ይነካል፦ የሆድ ድርቀት፣ የመንጋጋ ሕመም፣ የእግር ጣት መጎተት ያመጣል። የዓይን ቆብ መውደቅንም ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ሲታይ ዕጢው ተመለሰ ብለው አይደንግጡ፣ ለሐኪሙ ግን ያሳዩ። እንደ ኢትራኮናዞል ያሉ የፈንገስ መድኃኒቶች የቪንክሪስቲንን ጉዳት በጣም ስለሚያባብሱ ማንም ሌላ ሐኪም አዲስ መድኃኒት ሲያዝ ኬሞ ላይ መሆኗን ይናገሩ። ሳይክሎፎስፋማይድ ፊኛን ሊያደማ ስለሚችል ብዙ ፈሳሽ፣ እንደ መጠኑም ፊኛን የሚጠብቀው ሜስና አብሮ ይሰጣል፤ ሽንቷ ከቀላ ወዲያው ይንገሩ። አክቲኖማይሲን ጉበትን ሲጎዳ ሆድ ይነፋል፣ ክብደት በአንድ ሁለት ቀን ይጨምራል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን ቴርሞሜትር ቤትዎ ይኑር። ኬሞ ላይ ያለች ልጅ 38 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ካተኮሳት፣ ደስ ብሏት እየተጫወተች እንኳ ቢሆን፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ትሂድ። ሳይለኩ ፓራሲታሞል አይስጧት፤ ትኩሳቱን ይሸፍነዋል። በፊንጢጣ አይለኩ፤ ነጭ የደም ህዋስ ባነሰበት ጊዜ በዚያ በኩል ባክቴሪያ ይገባል።

ጨረሩ ዕጢው በሙሉ ላልወጣላቸው ልጆች ከጥቂት ወራት ኬሞ በኋላ ይጀመራል። የተለመደው ጠቅላላ መጠን 45 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ሲሆን በ1.8 ግሬይ እየተከፋፈለ በ25 ቀጠሮ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይሰጣል። በእነዚያ ሳምንታት አክቲኖማይሲን ይቆማል፤ ከጨረር ጋር ተደርቦ ቆዳና ሽፋንን ክፉኛ ያቃጥላልና። ጨረር ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፦ የዓይን ሞራ፣ የዕንባ መድረቅ፣ የዚያ በኩል የፊት አጥንት ከሌላው ጋር እኩል አለማደግ። ሞራው በቀዶ ይስተካከላል፤ የአጥንቱ ልዩነት ሕፃኑ ባነሰ ቁጥር ይጎላል። የፕሮቶን ጨረር ባለበት ቦታ በአካባቢው ያለውን ጤነኛ አካል በተሻለ ይቆጥባል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ በምስል ትንሽ ቅሪት ቢታይ ብዙ ጊዜ ጠባሳ ነው፤ ካላደገ ይከታተሉታል እንጂ አይቸኮልበትም።

ውጤቱ ሌላ ከሆነስ? ዴርሞይድ ሲስት በቅንድብ ጫፍ ላይ እንደ ባቄላ ድብልብል ሆኖ በዓመታት ያድጋል፤ ሳይፈነዳ በሙሉ ከነከረጢቱ ይወጣል፣ መርፌ አይገባበትም። ሄማንጂዮማ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያወጣው የደም ሥር ዕጢ ስለሆነ በ5 ዓመቷ ልጅዎ አዲስ አይጀምርም። ይህን ለሚያነቡ የጨቅላ ወላጆች ግን፦ ከእ.ኤ.አ. 2008 ወዲህ ሕክምናው ፕሮፕራኖሎል የተባለው መድኃኒት ነው፤ ከ1 ሚሊ ግራም በኪሎ ተጀምሮ በቀን ወደ 2 ወይም 3 ሚሊ ግራም በኪሎ ይደርሳል፣ በሁለት ተከፍሎ ከጡት ወይም ከምግብ ጋር ይሰጣል። ሕፃኑ ካስመለሰው ወይም መብላት እምቢ ካለ ያ መጠን ይታለፋል፤ ባዶ ሆድ ላይ የደም ስኳሩን በአደገኛ ሁኔታ ያወርደዋል። ጉንፋን ተከትሎ በአንድ ሌሊት የሚያብጥ ዓይን ደግሞ የሊምፍ ሥር ብልሽት ውስጥ የተደረገ መድማት ሊሆን ይችላል፤ በኤምአርአይ ፈሳሹ ተደራርቦ ይታያል፣ ሕክምናውም ማድረቂያ መድኃኒት በመርፌ መጨመር ወይም ሲሮሊመስ የተባለ መድኃኒት ነው። የማየት ነርቭ ግላዮማ (ከነርቩ ከራሱ የሚነሳ ዕጢ) ቀስ ብሎ ይመጣል። ቆዳዋ ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር የሚበልጡ ቡናማ ነጠብጣቦች ስድስትና ከዚያ በላይ ካሉ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ 1 የተባለ የጂን በሽታ ይጠረጠራል፤ ያ ካለ ምርመራው ብዙ ጊዜ ያለ ናሙና ይጠናቀቃል፣ ጨረርም በተቻለ መጠን አይሰጥም።

ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ዓይኗን ይጠብቁላት። ስትተኛ ቆቡ የማይገጥም ከሆነ ኮርኒያው (የዓይን የፊት ጥርት ሽፋን) ይደርቃል፣ ይቆስላል፤ የዓይን ቅባት በየሌሊቱ፣ ሰው ሠራሽ ዕንባ ቀን ላይ በየሁለት ሰዓቱ ያድርጉላት። ጠዋት ጠዋት ደህናውን ዓይኗን በመዳፍዎ ሸፍነው ከሦስት ሜትር ላይ ጣት ያስቆጥሯት፤ ቀይ ነገር አሳይተው በሁለቱም ዓይን እኩል ቀይ ነው ወይ ይጠይቋት። በታመመው ዓይን ቀዩ ከፈዘዘ ወይም ትናንት የቆጠረችውን ዛሬ ካልቆጠረች የማየት ነርቭ እየተጫነ ነው ማለት ነው፤ ያን ዕለት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይዘዋት ይሂዱ፣ ናሙናውም በዚያው ቀን እንዲወሰድ ይጠይቁ።